ለሁለት ሳምንት የመጣች አበባ

እትዬ የመጡት የልብስ ሰፊዋ ባል ከመሥሪያ ቤቱ ለምኖ ባመጣው ፒክአፕ ነው። ከሾፌሩ አጠገብ የተቀመጠችው ግን እትዬ ሳይሆኑ አበባቸው ነበረች፤ ወገቧ በቀበቶ ታስሮ፣ ቅርንጫፎቿ የመኪናውን ጣሪያ እየታከኩ። እትዬ ከኋላ ወንበር ላይ ከሻንጣቸውና ከክራንቻቸው ጋር ተጣበው ተቀምጠዋል። ልብስ ሰፊዋ ይህን ከመስኮቷ ቁልቁል ስታይ ከት ብላ ሳቀች። በዚያች አበባ ምክንያት እንደዚያ የሳቀችው ያን ቀን ብቻ ነው።

እትዬ የባሏ ታላቅ እህት ናቸው። እናትና አባቱ በልጅነቱ ሲሞቱበት ባሏን ያሳደጉትም ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በትምህርት ቤት፣ አብዛኛውን በዳይሬክተርነት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል። ትዳር አልያዙም። ከሰልፍ ወጣ ያለ ነገር ካዩ፣ ሰው ቀርቶ ወንበርም ቢሆን ሳያስተካክሉ አያልፉም። ጉልበታቸውን ቀዶ ጥገና ተደርገው ሲወጡ ሐኪሙ «ለጊዜው ብቻዎን አይሁኑ» ስላላቸው ወደ ወንድማቸው ቤት መጡ።

«ሁለት ሳምንት ብቻ ነው» አሏት፣ ወደ አንደኛ ፎቅ የሚወስደውን ደረጃ በባሏ ተደግፈው እየወጡ። «አላስቸግርሽም።»

«ምን ችግር አለው እትዬ፤ ቤትዎ አይደል እንዴ» አለች ሰፊዋ። ከልቧ ነበር ያለችው።

አበባዋን ከነማሰሮዋ ባሏና ሾፌሩ እያለከለኩ አወጧት። ቁመቷ ከሰፊዋ ትከሻ ይበልጣል። ቅጠሏ የወይን ቅጠል ይመስላል፤ እንደ መዳፍ ጣት ጣት ያለው ነው። ስታብብ ትንንሽ ፋኖስ የመሰለ ብርቱካንማ አበባ ቁልቁል ታንጠለጥላለች ይባላል፤ እትዬም «ፋኖሷ» ነው የሚሏት። ያን ቀን ግን አንድም ፋኖስ አልነበራትም። ታችኛው ግማሿ ራቁቱን የቀረ እንጨት ነው፤ ቅጠል የያዘው አናቷ ብቻ ነው።

እትዬ ሳሎኑ መሐል ቆመው ቤቱን ቃኙ። ከዚያ ክራንቻቸውን አነሱና መስኮቱን ጠቆሙ።

«እዚያ ነው የምትቀመጠው።»

መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው ነበር።

ሰፊዋ የሙሽራ ቀሚስና የተማሪ ደንብ ልብስ እዚያው ቤቷ ውስጥ ትሰፋለች። ቤቱ ሁለት ክፍልና ከአንድ ሰው በላይ የማያስገባ ማድ ቤት ነው። የመኝታ ቤቱ መስኮት ሲከፈት የሚያሳየው የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው። ብርሃን የሚባል ነገር የሚገባው በሳሎኑ መስኮት ብቻ ስለሆነ የስፌት መኪናው ስድስት ዓመት ሙሉ ከዚያ ቦታ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።

«ብርሃን ካላገኘች ትሞታለች» አሉ እትዬ።

እኔስ? ልትል ነበር። ባሏን አየችው። ባሏ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ለነገር ሁሉ መልሱ አንድ ስለሆነ ጓደኞቹ «አቶ ግድየለም» ይሉታል።

«ግድ የለም» አለ። «ለሁለት ሳምንት አይደል? መኪናውን ወደ ጥጉ እናስጠጋውና ከበላዩ ጥሩ መብራት እገጥምልሻለሁ።»

መኪናው ወደ ጥጉ ሄደ። መብራቱ ግን አልመጣም። የሰው ቤት ሲያበራ የሚውል ሰው ሲገባ ይደክመዋል፤ ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ። ሰፊዋ በሁለተኛው ቀን ጥቁር ሱሪ በጥቁር ሰማያዊ ክር ሰፋች። በሦስተኛው ቀን መልሳ ፈታችው።

በዚያው በሦስተኛው ቀን አበባዋ ቅጠሏን ማራገፍ ጀመረች።

ጠዋት ወለሉ ላይ ሰባት ቢጫ ቅጠል ለቀመች። በማግስቱ አሥራ አንድ። እትዬ እጃቸውን በሻላቸው ጠቅልለው ሶፋው ላይ ተቀምጠው ያዛሉ፤ ሰፊዋ ትታዘዛለች። ጣትሽን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ ክተቺ። ደረቀ? እንግዲያው አጠጪ። ቀስ ብለሽ እንጂ! ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፊው፤ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ መኖር አትወድም። ብርዱ እንዳይነካት ከመስተዋቱ አንድ ስንዝር አርቂያት። ኧረ ያን ያህል አይደለም፣ መልሺያት። በየአራት ቀኑ ደግሞ ሩብ ዙር አዙሪያት፤ አለዚያ ወደ አንድ ጎን ትንጋደዳለች።

አዞረቻት። ቅጠል ረገፈ።

«አስደንግጠሻታል» አሉ እትዬ።

ውሃ ቀነሰች። የቀሩት ቅጠሎች እንደ እርጥብ ካልሲ ተንጠለጠሉ።

«አስጠምተሻታል።»

ውሃ ጨመረች። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ።

«አስጥመሻታል።»

«እትዬ» አለች ሰፊዋ፣ ማጠጫውን ቁጭ አድርጋ፣ «ይቺ ነገር የምትፈልገው ምንድን ነው?»

«ትንሽ ነገር ነው። ልብ ብሎ የሚያያት ሰው።»

ሰፊዋ ጥርሷን ነክሳ ወደ ጥጓ ተመለሰች። አበባዋ ከመጣች ጀምሮ ልብ ብላ ስታይ የምትውለው እሷን ነበር፤ ሥራዋን እንኳ እንደዚያ አላየችም።

ሁለት ሳምንቱ አለፈ። አራተኛው ሳምንትም አለፈ። በአምስተኛው አንድ ቅርንጫፍ ቀንጥሳ በፌስታል ያዘችና አደባባዩ አጠገብ ችግኝ ወደምትሸጠው ሴት ሄደች። ችግኝ ሻጯ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነው። ቅጠሉን ገልብጣ ጀርባውን ወደ ፀሐይ አደረገችው።

«ነጭ ዝንብ ገብቶባታል። ይኸውልሽ፣ እንደ ፎረፎር የሚታየው። በሳሙና ውሃ የቅጠሉን ጀርባ በየአራት ቀኑ እጠቢላት። ቁመቷ ምን ያህላል?»

ሰፊዋ እጇን ከትከሻዋ በላይ አነሳች።

«አቤት! ሳትከረከም ስንት ጊዜዋ ነው? ስሚኝ፤ ይቺ ነገር አበባ የምታወጣው በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ ነው። ብርዱ ሊወጣ ሲል ሳታዝኚ ከግማሽ በታች ቁረጫት። ዝም ካልሻት ዱላ ሆና ነው የምትቀረው።»

ሰፊዋ ደስ ብሏት ተመለሰች። በመጨረሻ የሚጨበጥ ነገር አገኘች፤ መቁረጥ ደግሞ የሷ ሙያ ነው። ለእትዬ ስትነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ማንም መቀስ አያስነካትም።»

«ችግኝ ሻጯ እኮ…»

«ችግኝ ሻጯ ችግኟን ትሽጥ። አሥራ አራት ዓመት የከረከምኳት እኔ ነኝ። ጊዜው ሲደርስ እኔው እከረክማታለሁ።»

«ጊዜው መቼ ነው?»

እትዬ ሻላቸውን ሳብ አድርገው ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ። የትምህርት ቤት ስብሰባ እንደዚያ ነበር የሚዘጉት።

እጠቢ የተባለችውን አጠበች። በየአራት ቀኑ፣ ቅጠል በቅጠል፣ በቁራጭ ጨርቅ። ዝንቦቹ ሲነኩ እንደ ዱቄት ብን ይሉና አፍንጫዋ ውስጥ ይገባሉ፤ ጨርሳ ዞር ስትል ተመልሰው ያርፋሉ። ከቅጠሎቹ ላይ የሚያጣብቅ ነገር ይንጠባጠባል። ወለሉ ጫማ መያዝ ጀመረ። የታችኞቹ ቅጠሎች ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ነገር ለበሱ። አበባ የለም፤ እምቡጥ የለም፤ የእምቡጥ ወሬም የለም።

ሦስተኛው ወር ሊሞላ ሲል ባሏን ማድ ቤት ውስጥ ሳለ በሩ ላይ ቆማ ያዘችው። ድምፅ ላለማሰማት ሁለቱም ይንሾካሾካሉ።

«ሁለት ሳምንት በእናንተ ቤት ስንት ቀን ነው?»

«ትንሽ ታገሺ እንጂ።»

«ጉልበታቸው ድኗል! ክራንቻውን ጥለውታል። ዛሬ ጋዜጣ ሊገዙ ሁለቴ ወርደው ወጡ፤ ሁለተኛውን መልስ ረስቼ ነው ብለው። ደረጃው ላይ ከኔ ይፈጥናሉ።»

«ግድ የለም…»

«አንድ ቁልፍ ይትከሉልኝ፣ ሥራ በዝቶብኛል ብላቸው ዓይኔ አያይም አሉኝ። ጋዜጣውን ግን ያለመነጽር ነው የሚያነቡት። ሻይ አፍልተው አያውቁም። የጠጡበትን ብርጭቆ አንስተው አያውቁም። እኔ ምናቸው ነኝ? ዘበኛቸው?»

ባሏ የሚያጥበውን ብርጭቆ ለረጅም ጊዜ አሸው። ሊናገር አፉን ከፈተ። ከዚያ «ተያት በቃ» ብሎ ብርጭቆውን ደፋው።

ነገሩ የፈነዳው ማክሰኞ ቀን ነው።

በመድኃኒት ቤት የምትሠራ አንዲት ሙሽራ ቅዳሜ ታገባለች፤ ማክሰኞ በአሥር ሰዓት ለመጨረሻ ልኬት ልትመጣ ቀጠሮ ይዛለች። ቀሚሱ ነጭ ሳቲን ነው፤ ደረቱ ላይ ሰፊዋ አሥራ ሁለት ቀን የፈጀችበት የእጅ ሥራ አለበት። ጥጉ ጨለማ ስለሆነ የታችኛው ጠርዝ ቀጥ ማለቱን ማየት አልቻለችም። ስለዚህ ቀሚሱን የለበሰውን የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ገፋ ገፋ አድርጋ መስኮቱ ጋ አቆመችው። ጠርዙ ቀጥ ብሏል። ዚፑ ግን መሐል ላይ ሲይዝ አየች። ነጭ ዚፕ የለም፤ አሻንጉሊቱን እዚያው ትታ ልትገዛ ሮጠች። የመጀመሪያው ሱቅ የለውም። ሁለተኛው ዝግ ነው። ሦስተኛው ያለው አጭር ነው። በአራተኛው አግኝታ ተመልሳ በሩን ስትከፍት ሰባት ሰዓት ሆኗል።

የቀሚሱ ደረት ላይ ቢጫ ቅጠል ተለጥፏል፤ ጥቀርሻ ያለበት ጎኑ ወደ ሳቲኑ። ቀስ ብላ ስታነሳው ቅርጹ ጣት ጣት ሆኖ ጨርቁ ላይ ቀረ። በዙሪያው፣ ከትከሻ እስከ ወገብ፣ ዘይት የተረጨ የሚመስል ጠብታ። ጠብታው ላይ ደግሞ ዝንቦች ተጣብቀው ይንፈራገጣሉ።

እትዬ ከሶፋው ቀና አሉ። «ምነው ከሥሯ አቆምሽው?»

ሰፊዋ በኋላ ስታወራው፣ ያን አንድ አረፍተ ነገር ባይናገሩ ኖሮ ምናልባት ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር ትላለች።

«ብርሃን ስለሌለኝ ነዋ!» አለች። ድምፅዋ ደረጃው ድረስ ተሰማ። «ብርሃኔን ለሷ ስለሰጠሁ! የመቀመጫዬን ቦታ ለሷ ስለሰጠሁ! እሷ ትታጠባለች፣ እሷ ትዞራለች፣ እሷ ትጠጣለች፣ እኔ እንደ አይጥ ጥግ ውስጥ ሆኜ ጣቴን እወጋለሁ!»

መቀሷን አነሳች። ያ መቀስ ከጨርቅ በቀር ነክቶ አያውቅም፤ ባሏ አንዴ ወረቀት ቆርጦበት ለሁለት ቀን አኩርፋዋለች። አሁን ወፍራሙ ግንድ ላይ አስገባችው፤ በሁለት እጇ ጨመቀችው። ቀጭ አለ። ትልቁ ቅርንጫፍ አናቷን መትቶ ወደቀ፤ ነጭ ዝንብ ክፍሉን ሞላው። ሁለተኛውን ቆረጠች። ሦስተኛውን። እትዬ ይጮኻሉ ብላ ጠብቃ ነበር፤ እንዲጮኹ ፈልጋም ነበር። አልጮኹም።

«እሱን ዝቅ አድርጊው» አሉ በቀስታ።

ሰፊዋ አልሰማቻቸውም፤ አራተኛውን ያዘች።

«እዚያ ጋ አይደለም። ከአንጓው ትንሽ ከፍ ብለሽ። ሰያፍ አድርገሽ፣ ውሃ እንዳይቋጥር።»

ቆም አለች። ፀጉሯ ላይ ቅጠል ተሰክቷል፤ እጇ ሙጫ ይዟል። «አሁንም ያዙኛል?» አለች። «አሁንም? ይኸው መቀሱ፣ ይኸው አበባዎ። ራስዎ ይቁረጧት!»

መቀሱን በእጀታው በኩል ዘረጋችላቸው።

እትዬ እጃቸውን ከሻሉ ውስጥ አወጡ። ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ትንሽ አይደለም፣ ራሱን የቻለ ፍጥረት ይመስል። አውራ ጣታቸውና ሌባ ጣታቸው የማይታይ እንክብል ያሽከረክራሉ። መቀሱን ተቀበሉ። መቀሱ ጣታቸው ላይ ተንገጫገጨና ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ሁለት ዓመት ሆነው» አሉ። «መጀመሪያ ብዕር ሲያስጥለኝ ድካም ነው አልኩ። የመጨረሻውን ዓመት የተማሪዎቹን ሰርተፍኬት የፈረመው ምክትሌ ነው፤ እኔ ስብሰባ አለብኝ እያልኩ እሸሽ ነበር። አምና እሷን ልከረክም ስል…» ግራ እጃቸውን ገለበጡ። መዳፋቸው ላይ የተሰፋ ቁስል ጠባሳ አለ። «ከዚያ በኋላ አልነካኋትም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ታዝኚልኛለሽ። በሰው ቤት ከሚታዘንልኝ ቢናደዱብኝ ይሻለኛል።»

ሰፊዋ ሦስት ወር ያጠራቀመችው ንዴት ድንገት ባለቤት አጣ፤ አሁን በማን ላይ ታውርደው? ይህ ደግሞ ይበልጥ አበገናት። ማዘን ነበረባት፤ አወቀችው። ያዘነችው ግን በግማሽ ልቧ ነው፤ ግማሹ አሁንም ቀሚሱ ላይ ነበር።

እትዬ ወለሉ ላይ የተከመረውን ቅርንጫፍ አዩ። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ» አሉና፣ ፈገግ ሊሉ ሞክረው ተዉት። «ለወንድሜ ግን እንዳትነግሪው።»

«እሱን አልችልም እትዬ። ያንን ደግሞ አልሸከምም።»

መቀሱን ከወለሉ አንስታ ሙጫውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገች። ቀሚሱን ስትመረምረው ጠብታው በለብታ ውሃ ይለቃል፤ የቅጠሉ ቅርጽ ግን አይለቅም። የፊቱ ቁራጭ በሙሉ መውጣት አለበት፤ የእጅ ሥራው ተፈቶ በአዲሱ ላይ መሰፋት አለበት። በሦስት ሰዓት ውስጥ የማይታሰብ ነገር ነው። እትዬ የሙሽራዋን እናት ስልክ ጠየቋት፤ ሰፊዋ ራሷ ደወለችና ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዘችላቸው።

«ጤና ይስጥልኝ» አሉ እትዬ በዳይሬክተር ድምፃቸው። «የልብስ ሰፊዋ የባል እህት ነኝ። በቀሚሱ ላይ በኔ ጥፋት አደጋ ደርሷል። በሷ አይደለም፤ በኔ። እስከ ሐሙስ አሥር ሰዓት ይደርሳል። … አይ፣ ረቡዕ አልልዎትም፤ ረቡዕ ብልዎት ውሸት ነው።» ከወዲያ በኩል ጩኸት ተሰማ። እትዬ እስኪያልቅ ጠበቁ። «ልክ ነዎት» አሉ። «ሐሙስ በአሥር።» ጆሯቸውን ከስልኩ አራቁ።

ሰፊዋ ልታመሰግናቸው ይገባ ነበር። አላመሰገነችም፤ መፍታቱን ጀመረች።

ባሏ አመሻሽ ላይ ገባ። አበባዋ የቆመችበትን አየ፤ ከክንድ የማይበልጥ አምስት ጉቶ ብቻ። ሚስቱን አየ፤ እህቱን አየ።

«ተከረከመች» አሉ እትዬ።

«ግድ የለም» አለ።

«ግድ አለው!» ሰፊዋ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ቁጭ በል። እትዬ፣ ወይ እርስዎ ይንገሩት ወይ እኔ ልንገረው።»

እትዬ ከሶፋው ተነሱ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ብርጭቆ ውሃ አንስተው ወደ ወንድማቸው ዘረጉት። ወንድማቸው ጋ ሲደርስ ግማሹ ምንጣፉ ላይ ነበር።

ባሏ ብርጭቆውን ተቀብሎ ያዘው። ፊቱ ላይ መደንገጥ አልነበረም። ሰፊዋ ይህን አየች፤ ነገር በዓይን ይገባል ይባል የለ።

«አንተ ታውቅ ነበር» አለችው።

«ሆስፒታል ሳለች ነው ያየሁት» አለ፣ ወደ ብርጭቆው እያየ። «ነርሷ ፈርሚ ብላ ወረቀት ስትሰጣት። እትዬ፣ አላየኝም ብለሽ ነበር የምታስቢው። ራስሽ እስክትነግሪኝ ብዬ ነው። እንዳላሳፍርሽ።»

እህትና ወንድም ተያዩ። ሁለቱም ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እትዬ፣ «አንተ ልጅ…» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰፊዋም አብራቸው ታለቅስ ነበር።

«ስለዚህ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ» አለች። «ሁለታችሁም ስትተዛዘኑ፣ ለሁለታችሁም ሳጥብና ሳጠጣ የኖርኩት እኔ! ሦስት ወር ሙሉ ክፉ ሰው አደረጋችሁኝ። አንዳችሁ አንዲት ቃል ብትተነፍሱ እኮ አልናደድም ነበር። ልናደድ እችል ነበር፤ ግን ምን እንደሚያናድደኝ አውቀው ነበር!»

ቁልፏን ይዛ ወጣች። ደረጃውን ወርዳ የታክሲ ፌርማታው ግንብ ላይ ተቀመጠች። ታክሲ ቆመላት፤ አልገባችም። የምትሄድበት አልነበራትም፤ እህቷ ሩቅ ናት፣ እናቷን በዚህ ሰዓት ማስደንገጥ አትፈልግም። ረዳቱ «እመቤት፣ ትገቢያለሽ ወይስ ፀሐይ ነው የምትሞቂው?» አላት፤ ፀሐይ ከጠለቀች ቆይታለች። ሳቅ ሊያመልጣት ሲል አፏን ዘጋች። ለመሳቅ ዝግጁ አልነበረችም። ግማሽ የተፈታውን ደረት አሰበች፤ የቀረው መርፌ ላይ ተንጠልጥሏል። ተነስታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። መርፌዋን አንስታ መፍታቱን ቀጠለች።

ጠዋት ስትነሳ የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ነበር። ባሏ ከሥራ በፊት ብቻውን ገፍቶት ነው። አበባዋ ከጎኑ፣ ትንሽ በርጩማ ላይ፤ ተከርክማ ስላነሰች ለሁለቱም ቦታ በቃ። መብራቱም በሳምንቱ ተገጠመ። ሰፊዋ ግን ለመብራቱ አላመሰገነችውም፤ «ሦስት ወር ዘግይቶ የመጣ ነገር አይመሰገንም» አለችው። ቀሚሱ ሐሙስ በአሥር ሰዓት ሄደ። የሙሽራዋ እናት ደረቱን ገልብጣ ስፌቱን አንድ በአንድ አየች፤ እንከን አላገኘችም፤ ሳትሰናበት ወጣች።

ሐኪም ቤት እትዬን የወሰደቻቸው ሰፊዋ ናት። ሐኪሙ በሽታውን በስሙ ጠራላቸው። አይድንም፤ በኪኒን ግን ይረግብላቸዋል፤ ብቻቸውን መኖር ግን ከእንግዲህ አይመከርም። እትዬ እስኪጨርስ በጥሞና ሰሙት፤ ሲጨርስ የጻፈው ማዘዣ ላይ አንድ የፊደል ግድፈት አሳዩት። ወደ ቤት ሲመለሱ ሰፊዋ ልቧ ውስጥ ሒሳቡን ሠራች። ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ወር፣ ከእንግዲህ ደግሞ ሁልጊዜ። «ይቆዩ» ብላ አልለመነቻቸውም። «ይሂዱ» የምትልበትም አፍ አልነበራት። እትዬም አልጠየቁም። የቤታቸውን ቁልፍ ለአከራያቸው የመለሰው ባሏ ነው።

ጉቶዎቹ ሦስት ሳምንት ዝም አሉ። በአራተኛው ሳምንት ከአንጓዎቹ ላይ ሽንብራ የሚያክል አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ፤ ወዲያውም ቅርንጫፍ ሆነ። ነጭ ዝንቡ ከተረፈበት ተመለሰ፤ ማጠቡም ቀጠለ። አሁን ግን ቅጠሉ ጥቂት ስለሆነ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ እትዬም ማሰሮውን በክርናቸው ደግፈው ያዞሩላታል። አዲሶቹ ቅርንጫፎች ስንዝር ሲሞሉ እትዬ ጫፋቸው ይቀነጠስ አሉ፤ እንዲበዙና እንዳይረዝሙ።

«ለዚህ መቀስ አያስፈልግም፤ ጥፍር ይበቃል» አሉ። «ይኼን እኔ እሠራዋለሁ።»

ሰፊዋ እንቢ ማለት ነበረባት። ኪኒኑ ትንሽ አርግቦላቸው ስለነበር ተወችላቸው። እትዬ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ እየተንቀጠቀጡ አንዱን ጫፍ ያዙ፤ ቀነጠሱ። ደህና ሆነ። ሁለተኛውን። ደህና ሆነ። አንዳንዴ ከአንድ ቅጠል ይልቅ ሁለት ይዘው ይመጣሉ፤ ሰፊዋ አፏን ያዘች። እንደዚህ እያሉ ሁለት ወር ሄዱ። አንድ ቀን ጠዋት እትዬ እንደ ልማዳቸው ቀነጠሱና መዳፋቸው ላይ የቀረውን አዩ። ቅጠል አልነበረም። በቀጭን ክር የተንጠለጠለች፣ የስፒል ራስ የምታክል፣ አረንጓዴ ኮፍያ ያደረገች ነገር ነበረች።

«እትዬ!» አለች ሰፊዋ። «እምቡጥ እኮ ናት! ከስንት ጊዜ አንድ እምቡጥ!»

«አላየኋትም።»

«ልብ ብሎ የሚያያት ሰው ነው የምትፈልገው ብለውኝ የለ?»

«አንቺ ደግሞ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ምን ታዪ ነበር?»

«ኮሌታ ነዋ! ሥራዬን! እኔ እኮ ሥራ አለኝ!»

ከታች ፎቅ ሰው ጣሪያውን በእንጨት መታ፤ ዝም በሉ ለማለት። እትዬ እምቡጧን ማሰሮው ጠርዝ ላይ አስቀመጧት፤ በሦስተኛው ቀን ደርቃ ወደቀች።

ሌላዋ እምቡጥ ለመከፈት ሰባት ሳምንት ፈጀባት። ሰፊዋ የተማሪ ሸሚዝ እጀታ ስትሰፋ ቀና ስትል አየቻት። ብርቱካንማ ናት፤ ቀያይ ጅማቶች አሏት፤ አንገቷን ደፍታ ወደ ታች ተንጠልጥላለች፤ ከሥር የሚታየው ቢጫ ልቧ ብቻ ነው። እትዬ መኝታ ቤት ጋዜጣቸውን እያነበቡ ነበር። ሰፊዋ አልጠራቻቸውም። እጀታውን ጨረሰች፤ ክሩን በጠሰች፤ ስፌቱን ካውያ አስነካችው። ከዚያ ነው፣ «እትዬ፣ ይምጡ እስቲ» ያለችው።

እትዬ መጡ። ጎንበስ ብለው ከሥር አዩዋት፤ ቀኛቸውን በግራቸው ይዘው ረጅም ጊዜ አዩዋት። ሰፊዋ ጠበቀች።

«ቀለሟ ገርጥቷል» አሉ እትዬ። «ማዳበሪያውን አሳንሰሻል።»

ሰፊዋ ሁለተኛውን እጀታ አነሳችና ፔዳሉን ረገጠችው።